መልስ፦ የከብት ድርቆሽ (የደረቀ ሳር) ነክተው ማታ ብርድ ብርድ ለሚላቸው አባትህ

ወንድሜ፣ አባቴ ድርቆሽ ሲያገላብጡ ውለው ማታ ብርድ ብርድ ይላቸዋል ያስላቸዋል በማግስቱ ደግሞ ይሻላቸዋል ላልከው፣ የኛም አጎት አዘዞ ከብት ሲያደልብ ልክ እንደዚህ ያደርገው ነበር፣ ሁለቴ ኒሞኒያ ነው ተብሎ አንቲባዮቲክ ዋጠ ምንም ለውጥ የለም። ኋላ ነው የገባን፣ ዝናብ የነካው ድርቆሽ መሀሉ ይግልና ይሻግታል፣ ሲበተን ነጭ አቧራው ቡን ይላል፣ እሱን ስበው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚነሳባቸው። ይሄ የሳንባ አለርጂ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም። እባክህ ቶሎ ሀኪም ቤት ውሰዳቸው፣ ስለ ድርቆሹ ለዶክተሩ ንገረው፣ ቲቢም ይመርመሩ። እስከዛ ድርቆሹን ሌላ ሰው ያንሳው፣ እሱም በነጠላ መሸፈን አይበቃውም ደቃቅ አቧራ የሚያጣራውን ኤን95 ማስክ ያድርግ። ችላ ካላችሁት ሳንባቸው ጠባሳ ሊይዝ ይችላል፣ ጠባሳው ደግሞ አይመለስም።