ጥያቄና መልስ፦ ኮንግረስማኑ ቢሮ ኬዜን ይዤ ልሂድ?

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ከምትልኩልን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚህ ላይ ያርፋሉ፦ «ኮንግረስማኑ ጋ ብሄድ ያስጨርስልኛል?» ያስጠይቅልዎታል እንጂ አያስጨርስልዎትም። ማስጠየቁ ግን ቀላል ነገር አይደለም፤ ወረቀቱ በትክክል ከተሟላና ለሚመለከተው ቢሮ ከደረሰ፣ ለወራት ዝም ካለ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መልስ ሊያስገኝ ይችላል።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የመንጃ ፈቃዴ እድሳት ሦስት ወር ተጓተተብኝ። ኮንግረስማኑ ቢሮ ብደውል "የእኛ ሥራ አይደለም" አሉኝ። ታዲያ የማን ነው?»

እውነታቸውን ነው። የኮንግረስ ተመራጭ የሚጠይቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤትን ነው፦ ኢሚግሬሽንን፣ ፓስፖርትና ቪዛን፣ ሶሻል ሴኩሪቲን፣ ሜዲኬርን፣ አይ.አር.ኤስን፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይን፣ ፖስታ ቤትን። መንጃ ፈቃድ፣ ሜዲኬይድና የሥራ አጥ ክፍያ የሚታዩት በስቴት ነው። ሜሪላንድ በ47 የምርጫ ክልሎች የተከፈለች ናት፤ እያንዳንዱ ክልል አናፖሊስ ላለው የስቴቱ ምክር ቤት አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች ይልካል። የመንጃ ፈቃድዎን ጉዳይ የሚይዙት እነሱ ናቸው። የመንገድ መብራትና የቆሻሻ ማንሳት ጉዳይ ከሆነ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 311 ይደውሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ሴናተር» በሚለው ቃል ነው። የስቴቱም ሴናተር አለ፣ የአሜሪካም ሴናተር አለ፤ ለአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ለሌላው ደርሶ ሳምንታት ሲባክኑ ይታያል። የራስዎን የኮንግረስ ተመራጭ ለማወቅ በታችኛው ምክር ቤት (ሃውስ) ድረ ገጽ ላይ ዚፕ ኮድዎን ያስገቡ። አንዳንድ ዚፕ ኮድ ለሁለት የምርጫ ክልል የተከፈለ ስለሆነ፣ ሁለት ስም ከመጣልዎ ሙሉ አድራሻዎን ይጻፉ። ዲሲ የሚኖር ሰው ምክር ቤቱ ውስጥ ድምፅ የማትሰጥ ወይም የማይሰጥ ዴሌጌት ብቻ ነው ያለው፤ የኬዝ አገልግሎቱ ግን ያው ነው።

«ለባለቤቴ አይ-130 (የቤተሰብ ማመልከቻ) ካስገባሁ ብዙ ጊዜ ሆነ። የፕራይቬሲ ፎርሙን ሞልቼ ለኮንግረስማኑ ቢሮ ብልክ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። መጀመሪያ "ፊርማው ትክክል አይደለም"፣ ቀጥሎ ደግሞ "በዚህ ስምና የልደት ቀን የተገኘ ፋይል የለም" አሉኝ።» አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ፎርሙ የተፈለገው በ1974 በወጣው የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ምክንያት ነው። ሕጉ ኢሚግሬሽን ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ ስለ ፋይልዎ ለማንም እንዳይናገር ያግዳል፤ ኮንግረስማኑም «ማንም» ውስጥ ነው።

ከፊርማው እንጀምር። አይ-130 ያስገቡት እርስዎ ስለሆኑ የሚፈርሙት እርስዎ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያሉት ባለቤትዎ ቢፈርሙልዎ አይሠራም። በእስክሪብቶ ይፈርሙ። ስምዎን በኮምፒውተር፣ ያውም ፊርማ በሚመስል ፊደል ከጻፉ ይመለስብዎታል። በአማርኛ መፈረም ግን ይቻላል፤ ኢሚግሬሽን ፊርማ በእንግሊዝኛ ይሁን ወይም ይነበብ አይልም፤ ሁልጊዜ የሚፈርሙት መሆኑ ይበቃል። ቀኑንም መጻፍ አይርሱ።

ሁለተኛው ችግር የእኛው የሐበሾች ነው። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ሲል አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል። ኢሚግሬሽን ፋይል ላይ የተያዘው የአያት ስም ሆኖ እርስዎ የአባትን ከጻፉ ኮምፒውተሩ ሌላ ሰው ነው የሚፈልገው። የእንግሊዝኛ አጻጻፉም እንዲሁ፤ ፀሐይ፣ ኃይሉ፣ ጽጌ የሚሉት ስሞች በሦስትና በአራት ዓይነት ይጻፋሉ። ደንቡ አንድ ነው፦ ከኢሚግሬሽን የመጣልዎ ሪሲት ኖቲስ (ማመልከቻዎ መድረሱን የሚገልጸው ወረቀት) ላይ እንዳለ፣ ስሕተትም ቢሆን እንደ ስሕተቱ፣ ፊደል በፊደል ይገልብጡ። ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ትክክለኛ አጻጻፍ በተያያዘው ደብዳቤ ላይ ያመልክቱ።

የልደት ቀኑንም ይመርምሩት። ባለቤትዎ የተወለዱት ጥር 5 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው እንበል። ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 14 ቀን 1988 ነው፤ ፎርሙ ላይ ወሩ ቀድሞ 01/14/1988 ተብሎ ይጻፋል። ጥር አምስተኛው ወር ነው ብሎ 05/05/1980 የሚጽፍ አለ፤ ዓመቱ ላይ ብቻ 8 ደምሮ 05/05/1988 የሚጽፍም አለ። ሁለቱም ከፋይሉ ጋር አይገጥሙም።

ቁጥሩስ? ሪሲት ቁጥር 3 ፊደልና 10 አኃዝ፣ በድምሩ 13 ነው። ፋይሉ ከኢሚግሬሽን ወጥቶ ወደ ብሔራዊ ቪዛ ማእከል ካለፈ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ የአዲስ አበባ ከሆነ በኤ.ዲ.ዲ ይጀምራል። ኬዝወርከሯ (ኬዝዎን የያዘችው የኮንግረስማኑ ቢሮ ሠራተኛ) በመጀመሪያ ማወቅ የምትፈልገው ፋይሉ ኢሚግሬሽን፣ ቪዛ ማእከል ወይስ ኤምባሲ መሆኑን ነው፤ የምትጽፈው ለተለያዩ ሰዎች ነውና። ሁለቱም ቁጥሮች ካሉዎት ሁለቱንም ይስጧት።

አንድ ገጽ ደብዳቤ ያያይዙ፦ ማን እንደሆኑ፣ ምን፣ መቼ እንዳስገቡ፣ የመጨረሻው ወረቀት መቼ እንደመጣና ምን እንደሚል፣ እንዲጠየቅልዎ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከደርግ ዘመን የሚጀምር ታሪክ አያስፈልግም። አንድ የታችኛው ምክር ቤት አባል ወደ 760,000 ለሚጠጋ ሕዝብ ሊቀጥር የሚችለው 18 ቋሚ ሠራተኛ ነው፣ ያውም ዋሽንግተንና የምርጫ ክልሉ ቢሮ ተዳምረው። ኬዝ የሚይዙት ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቶቹ ናቸው፤ ያልተሟላ ፓኬት ወደ ጎን የሚቀመጠውም ለዚህ ነው።

ከመላክዎ በፊት የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ የፎርምዎን መደበኛ የመጠበቂያ ጊዜ ይመልከቱ። ጊዜው ካላለፈ የሚመጣልዎ መልስ «በመደበኛው ጊዜ ውስጥ ነው» የሚል ብቻ ይሆናል። የሚልኩትም ለምርጫ ክልሉ ቢሮ ይሁን። ለካፒቶል የሚላክ ፖስታ ከ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ሌላ ቦታ ተፈትሾ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ይዘገያል። ለተመራጩም ለሁለቱ ሴናተሮችም በአንድ ጊዜ አይላኩ። ሦስት ቢሮ ስለ አንድ ፋይል ከጠየቀ ሥራው ይደራረባል እንጂ ፋይሉ አይፈጥንም። 30 ቀን ይጠብቁና ኬዝወርከሯን በስሟ ጠርተው ይጠይቁ።

«እናቴ የጉብኝት ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከለከለች። ኮንግረስማኑ ለኤምባሲው ደብዳቤ ቢጽፍልኝስ?»

ሊጽፍ ይችላል፤ ብዙ ተስፋ ግን አይጣሉበት። እናትዎ የተሰጣቸው ወረቀት 214(ቢ) የሚል ከሆነ፣ ቆንስሉ «ወደ አገርዎ እንደሚመለሱ አላሳመኑኝም» ማለቱ ነው። ይግባኝ የለውም፤ ያለው እንደገና ማመልከት ነው። ቪዛ የመስጠትና የመከልከል ሥልጣንን ሕጉ ለቆንስሉ ብቻ ነው የሰጠው፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ እንኳ «ስጥ» ብሎ ማዘዝ አይችልም። ደብዳቤው የሚያስረዳው እርስዎ ማን እንደሆኑ ነው፤ ጥያቄው ግን እናትዎን የሚመልሳቸው ምንድን ነው የሚል ነው። ሦስተኛ ጊዜ ከመክፈልዎ በፊት ካለፈው ወዲህ የተለወጠ ነገር መኖሩን ያስቡ፦ ቤት፣ ሥራ፣ ጡረታ፣ እዚያ የቀሩ ልጆች።

ወረቀቱ 221(ጂ) የሚል ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ የጎደለ ሰነድ አለ ወይም ምርመራ አልተጨረሰም ማለት ነው። እዚህ ላይ ኬዝወርከር ትጠቅማለች። ሰነዱን ልከው ኤምባሲው ዝም ካለ «ደርሷችኋል? ምን ቀረ?» ብላ ትጠይቃለች። የተጠየቁትን ሰነድ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላስገቡ እንደ አዲስ አመልክተው እንደገና ይከፍላሉ። ፕሬዚዳንቱ ወይም ውጭ ጉዳይ በአንድ አገር ሰዎች ላይ እገዳ ካወጡ ግን ኬዝወርከር ሁኔታውን ከማሳወቅ ያለፈ ማድረግ የምትችለው ነገር የለም።

«አሳይለም (ጥገኝነት) ጠይቄ ዓመታት አለፉ፣ ኢንተርቪው አልተጠራሁም። ዜጋ አይደለሁም፣ አልመረጥኩም። መጠየቅ እችላለሁ? ደግሞ ይጎዳኝ ይሆን?»

መጠየቅ ይችላሉ። የምርጫ ክልል የሚከፈለው በነዋሪ ቁጥር እንጂ በመራጭ ቁጥር አይደለም፤ የሚጠየቁትም የት እንደሚኖሩ እንጂ ማንን እንደመረጡ አይደለም።

ተራዎን ግን አያስቀድሙልዎትም። ከጃንዋሪ 2018 ወዲህ የአሳይለም ቢሮዎች በአብዛኛው አዲስ የገባውን ቀድመው መጥራት ጀምረዋል፤ የቆየው ሰው ወደ ኋላ የቀረው በዚህ ነው። ለማስፈጠን የሚያበቁት ከባድ ምክንያቶች ናቸው፦ ከባድ ሕመም፣ አገር ቤት የቀረ ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ አደጋ ላይ መውደቅ፣ ከባድ የገንዘብ ጉዳት። ማስረጃ ይፈልጋል፤ የሐኪም ደብዳቤ፣ የፖሊስ ወይም የሆስፒታል ወረቀት ከነትርጉሙ። ማስረጃ ከያዙ መጀመሪያ ራሳቸውን የአሳይለም ቢሮውን ይጠይቁ፤ ዝም ካሉ ያን ጊዜ ኮንግረስማኑ ቢሮ ይሂዱ።

ኬዝዎ ዳኛ ፊት ከሆነ ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ተመራጭ ሁኔታውን ከመጠየቅ አልፎ ዳኛን አይነካም። ቀጠሮዎን ለማወቅ በኤ-ቁጥርዎ (ኢሚግሬሽን በሰጠዎ መለያ ቁጥር) 1-800-898-7180 ይደውሉ፤ በነፃ ነው። «ይጎዳኝ ይሆን?» ላሉት፣ ከአገር የመውጣት ትእዛዝ ያለበት ወይም ቀጠሮ ያመለጠው ሰው ግን የትኛውንም ቢሮ ከማስጠየቁ በፊት ጠበቃ ያማክር። ይህን ስል ለወጉ አይደለም።

«አንድ ሰው "ኮንግረስማኑ ቢሮ ሰው አለኝ፣ 500 ዶላር ስጠኝ" አለኝ።»

አይስጡት። አገልግሎቱ ነፃ ነው። ሠራተኞቹ ለኬዝ ሥራ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድላቸውም፤ ለምርጫ ዘመቻ መዋጮ መስጠትም ከኬዝዎ ጋር መያያዝ የለበትም። እንግሊዝኛ ካስቸገረዎ ልጅዎን ወይም ጓደኛዎን ይዘው ይሂዱ፤ እሱ ወይም እሷ ስለ ኬዝዎ እንዲነገራቸው ስማቸውን ፎርሙ ላይ ያስገቡ።

«አይ.አር.ኤስ ሪፈንዴን ይዞ ማንነትህን አረጋግጥ ይለኛል። አረጋገጥኩ፣ አሁንም የለም።»

የኮንግረስ ቢሮዎች የታክስ ጉዳይን አብዛኛውን ጊዜ የሚመሩት አይ.አር.ኤስ ውስጥ ላለው የግብር ከፋዮች ጠበቃ ቢሮ ነው። ፎርም 911ን ሞልተው ራስዎ በቀጥታ መሄድ ይችላሉ። አከራይዎ ከቤት ሊያስወጣዎ ከሆነ ወይም መብራት ሊቆረጥብዎ ከሆነ ማስጠንቀቂያውን ያያይዙ፤ ችግር ላይ መሆንዎ በወረቀት ሲታይ ነው የሚፈጥነው።

«ስለ ኢትዮጵያ የቀረበ ረቂቅ ሕግ ላይ ብደውል የሚሰማኝ አለ?»

ይመዘገባል። ስልኩን የሚያነሳው ወጣት የሚጽፈው ስምዎን፣ አድራሻዎን ወይም ዚፕ ኮድዎን፣ የረቂቁን ቁጥርና «ይደግፋል» ወይም «ይቃወማል» የሚለውን ነው። የሌላ ክልል ነዋሪ ሲደውል የሚሰጠው ቦታ ትንሽ ነው፤ ከሜሪላንድ ለሚኔሶታ ተመራጭ መቶ ጊዜ መደወል ለራስ ተመራጭ አንድ ጊዜ የመደወልን ያህል አይሠራም። ከሁሉ የሚሻለው አሥር የአንድ ክልል ነዋሪዎች ሆናችሁ ክልሉ ቢሮ ቀጠሮ ይዞ መሄድ ነው፤ አንድ ተናጋሪ፣ አንድ ገጽ ወረቀት፣ አንድ ጥያቄ። ብዙ ጊዜ የሚያገኛችሁ ተመራጩ ሳይሆን ሠራተኛው ነው፤ እሱን አትናቁት፣ ማስታወሻውን የሚጽፈው እሱ ነው።

የሚደውሉበት ሰነድ ውሳኔ ይሁን የሕግ ረቂቅም ይለዩ። አፕሪል 10 ቀን 2018 ታችኛው ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያሳለፈው ኤች.ሬስ 128 የምክር ቤቱን አቋም የሚገልጽ ውሳኔ እንጂ ሕግ አልነበረም። በ2022 ማኅበረሰባችንን ለሁለት የከፈለው ኤች.አር 6600 ደግሞ የሕግ ረቂቅ ነበር፤ ሳይጸድቅ የምክር ቤቱ ዘመን ጃንዋሪ 3 ቀን 2023 አበቃና አብሮ ሞተ። እንዲህ ያለ ረቂቅ እንደገና ሲመጣ አዲስ ቁጥር ይዞ ነው፤ ስለዚህ በድሮው ቁጥር አይደውሉ።

«ተመራጫችን በምርጫ ቢሸነፉ ኬዜ ይቀጥላል?»

በራሱ አይቀጥልም። የኬዝ ፋይሉ የተመራጩ እንጂ የወንበሩ አይደለም፤ ለተተኪው የሚያልፈው እርስዎ ከፈቀዱ ነው። ከኖቬምበር በኋላ ደውለው ይጠይቁ፤ አዲሱ ቢሮ ሌላ ፎርም ስለሚያስፈርምዎ የተላከልዎትን መልስ ሁሉ ቅጂ ይያዙ። ሴናተሮች የሚመረጡት ለ6 ዓመት ስለሆነ፣ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ኬዝ ያለው ሰው መጀመሪያውኑ በሴናተር ቢሮ ቢጀምር አይከፋም።

«አያቷ ታመው የ9 ዓመት ልጄን ይዤ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ። ፓስፖርት የላትም፣ አባቷ ዱባይ ነው። በረራው ከ10 ቀን በኋላ ነው።»

ዛሬውኑ 1-877-487-2778 ይደውሉ፤ ጉዞው በ14 ቀን ውስጥ ከሆነ በፓስፖርት ኤጀንሲ ቀጠሮ ሊያገኙ ይችላሉ። ቀጠሮ የለም ካሉዎት ያን ጊዜ ለኮንግረስማኑ ቢሮ ይደውሉ፤ ከትኬቱ ቅጂ ጋር ሲጠይቁላቸው የሚገኝበት ጊዜ አለ። ቀጠሮ ማግኘት ብቻውን ግን አይበቃም። ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ሁለቱም ወላጆች መቅረብ አለባቸው፤ አባቷ ካልተገኙ ፎርም ዲ.ኤስ-3053ን (ለልጅ ፓስፖርት የወላጅ ፈቃድ መስጫውን) ፈርመው ፊርማቸውን ያስረጋግጡ፤ ዱባይ ስለሆኑ የት እንደሚያረጋግጡ መጀመሪያ እዚያ ያለውን የአሜሪካ ቆንስላ ይጠይቁ። ፎርሙ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው የሚሠራው። ከእሱ ጋር የመታወቂያቸው ቅጂ ይላክ፤ የፊቱም የጀርባውም፤ ጀርባው ተረስቶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው።