ቀኝ እጁ ለማይታዘዝለት ልጅ በክራር ይጀመር

እህቴ፣ የ10 ዓመት ልጅሽ ከተወለደ ጀምሮ ቀኝ እጁ አይታዘዝለትም፣ ሙዚቃ ግን ነፍሱ ነው። በምን መሣሪያ ይጀምር፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራስ ድሬዳዋ ላይ ይገኛል ወይ ብለሻል። ልጆች ሳስተምር ካየሁት ልንገርሽ፦ በክራር ይጀምር።

ጊታር ላይ አንዱ እጅ ክሩን ካልተጫነ ሌላው ብቻውን ዜማ አያወጣም። ክራር ላይ ግን እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ አለው። አምስት ወይም ስድስት ክር ነው። አንዴ በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት ከተቃኘ የትኛውንም ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። ግርፍ ሲጫወቱ፣ ማለትም ክሮቹን ባንድ ላይ በመምቻ ሲመቱ፣ ደግሞ ረቂቁን ሥራ የሚሠሩት የግራ ጣቶች ናቸው፤ የማይፈለጉትን ክሮች ነክተው ዝም ያሰኛሉ። የቀኙ ሥራ መግረፍ ነው። እሱ ደግሞ ከጣት ይልቅ ክንድ ነው የሚፈልገው።

መምቻውን በምን ይያዝ? ሳቢያን ሰፈር የማስተምራት አንዲት ልጅ የቀኝ ጣቶቿ ተጨብጠው አይፈቱም። ከብስክሌት ካላማዳሪያ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቀለበት ቆርጠን መዳፏ ላይ አጠለቅንላት፤ መምቻውን እሱ ላይ ሰካነው። አሁን ከክርኗ እያወዛወዘች ስትገርፍ ብታያት! በድሬ ሙቀት ግን ጎማ እጅ ያልባል፣ ቆዳም ይልጣል። ከሥሩ ስስ ጨርቅ አድርጊ፣ አታጥብቂው፣ በየመሃሉ አውልቂለት። ፊዚዮቴራፒ የሚከታተል ከሆነ ለባለሙያው ሳታሳዩ እንዳትጀምሩ።

ክንዱም እምቢ ካለ በግራ ጣቶቹ ብቻ በድርድር፣ ማለትም ክሮቹን አንድ በአንድ እየነካ፣ ይጫወታል። በገናም ቢሆን በዋናነት የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። «ይዝፈን ብቻ» የሚሉሽን አትስሚ።

ቤት ውስጥ ኪቦርድ ካለ ጥቁሮቹን ብቻ ይንካ። አምስቱ ጥቁሮች በራሳቸው ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ይሰጣሉ። በአንድ እጅ ፒያኖ መጫወት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ራቬል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ላጣው ፒያኒስት ለፖል ዊትገንስታይን የግራ እጅ ኮንቼርቶ (ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሙዚቃ) ጽፎለት፣ በ1932 እ.ኤ.አ. ቪየና ላይ ቀርቧል።

ውጭ አገር በአንድ እጅ የሚነፋ ሪኮርደር የሚባል ዋሽንት መሰል መሣሪያ ይሠራል፤ እሱን ስትጠብቂ ግን ጊዜው እንዳያልፍበት። ማሲንቆ ደጋን መያዝ፣ ዋሽንት ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ለጊዜው ይቆዩ።

ክራሩን ስትገዢ መቃኛው እንደ ጊታር በቁልፍ የሚዞር ይሁን። በጨርቅ የሚጠመጠመውን ለማጥበቅ ሁለት ብርቱ እጅ ያስፈልጋል። ክሩም ከሽቦ ናይለን ይሻለዋል። እንዳይንሸራተትበት ቀፊራ ገበያ አንድ ጫማ ሰፊ ጋ ወስደሽ የቆዳ ማንገቻ አሰፊለት። ብቻ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት ልጁን ይዘሽው ሂጂ፤ ጭኑ ላይ አድርጎ ይሞክረው።