«ውፍረት» ወይስ «ዝልግልግነት»?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ፊዚክስ አስተምራለሁ። አንድ ተማሪዬ በፈሳሽ ውስጥ ስለሚሽከረከር ዲስክ ሲጽፍ «ገጹ ሲሞቅ የፈሳሹ ውፍረት ስለሚቀንስ የንጣፉ ውፍረት ይቀንሳል» አለ፤ ሌላው «ክብደቱ ይቀንሳል» አለ። «ዝልግልግነት» ደግሞ ለውሃ ሲነገር ጆሮዬን ይከብደዋል። የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «ውፍረት» በራሱ ስህተት አይደለም። ጠላም ወጥም ይወፍራል፣ ይቀጥናል፤ ምጣድ ላይ የጋለ የኑግ ዘይት «ቀጠነ» ቢባል የማይገባው ጎጃሜ የለም። በተማሪዎ ዓረፍተ ነገር ግን አንዱ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል፦ መጀመሪያ ፈሳሹ ሲፈስ የሚገጥመውን ውስጣዊ ሰበቃ፣ ማለትም ዝልግልግነቱን፣ ቀጥሎ ገጹን ተጠግቶ አብሮ የሚሽከረከረውን ንጣፍ ከፍታ። ሁለቱ በአንድ ልክ አይለወጡም። የምህንድስናና የፊዚክስ ሊቁ ቴዎዶር ፎን ካርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ባቀረበው ስሌት መሠረት፣ እፍግታው (አንድ ሊትሩ ስንት ኪሎ እንደሆነ) እና የመሽከርከሩ ፍጥነት ባሉበት ሆነው ሰበቃው ወደ ሩብ ቢወርድ፣ የንጣፉ ውፍረት የሚወርደው ወደ ግማሽ ነው። ስለዚህ «ውፍረት»ን በሜትር ለሚለካው ለንጣፉ ይተዉለት።

«ክብደት»ን ግን ፈጽሞ አይቀበሉ። የኑግ ዘይት ከውሃ ይወፍራል እንጂ አይከብድም፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ውሃ ከ20 ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ እፍግታው 3 በመቶ እንኳ አይቀንስም፣ ዝልግልግነቱ ግን ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል።

ለውሃ «ዝልግልግ» ማለት ጆሮን የሚከብደው ቃሉ ተልባን ስለሚያስታውስ ነው፤ ይህ ስሜትዎ ትክክል ነው። ነገር ግን «ዝልግልግ» ቅጽል ነው፣ «ዝልግልግነት» የመጠን ስም። የአጭር በትርን «ርዝመት» ስንጠይቅ በትሩ ረጅም ነው አላልንም፤ ውሃም ዝልግልግ ሳይባል ዝልግልግነቱ ይለካል።

«በሙቀት ላይ ጥገኛ የሆነ ዝልግልግነት» የሚለውንም አልወደውም፤ «እንደ ሙቀት መጠኑ የሚለዋወጥ» ቢባል አማርኛው ይቃናል። የአየርና የሌሎች ጋዞች ዝልግልግነት በሙቀት የሚጨምር በመሆኑ፣ ስለ ፈሳሽ መነገሩም በግልጽ ይጻፍ። እኔ እንዲህ አርመው ነበር፦ «የዲስኩ ገጽ ሲሞቅ፣ በአጠገቡ ያለው ፈሳሽ ዝልግልግነቱ ስለሚቀንስ፣ ከዲስኩ ጋር የሚሽከረከረው ንጣፍ ይሳሳል።»