ዝናቡ ሳይቀድማችሁ፦ በግዥና በአካባቢ ጥበቃ ሥራ ላይ ላላችሁ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣ ለጤናችሁ እንደምን ከረማችሁ?

እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ሆኜ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በመንግሥት ግዥ ላይ ነበር። ወንበርም ጀነሬተርም ገዝቻለሁ። የድልድይና የውሃ ጉድጓድ ጨረታ አውጥቻለሁ። ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረው ግን አንድ መጋዘን የማጽዳት ሥራ ነው።

በቀደም የጓደኛዬ ልጅ ልትጠይቀኝ መጣች። አዲስ ተቀጣሪ ናት፤ ሥራዋ አካባቢ ጥበቃ ላይ ነው። ቡናው እየተቆላ፣ "ጋሼ፣ መርዝ ያለበትን ቦታ ለማጽዳት ጨረታው ለምን ዓመት ይፈጃል? ሕጉ ነው ወይስ እኛ?" አለችኝ። እስከ በረካው ድረስ ስናወራ ቆየን። ከሄደች በኋላም ጥያቄው አልለቀቀኝም። ለእሷ የነገርኳትን ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

መጋዘኑ ከጣና በስተምሥራቅ፣ ፎገራ ሜዳ ጠርዝ ላይ ነበር። ውስጡ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ሞልቶታል። ዲዲቲ አለ፣ ማላታይን አለ፣ ወረቀቱ ተልጦ ምን እንደሆነ የማይታወቅም አለ። ለአንበጣና ለተምች መከላከያ፣ ለወባ ርጭት እየተባለ በየዘመኑ መጥቶ የተረፈ ነው። በርሜሎቹ ዝገዋል። ከበሩ ውጭ ቆማችሁ እንኳ ዓይናችሁ ያቃጥላችኋል። ዘበኛው ከነቤተሰቡ ከግድግዳው ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ይኖር ነበር። ትንሿ ልጁ መጋዘኑ ጥላ ሥር ስትጫወት ያየሁበት ቀን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

የግዥ ጥያቄው የደረሰን ጥር 1998 ላይ ነው። ፎርሙ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "የሥራው ዓይነት፦ ኬሚካል ማስወገድ። መለኪያ፦ ጥቅል። ብዛት፦ 1።" እኔም ፈርሜ አሳለፍኩት። መጋቢት ላይ ጨረታው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አራት ድርጅቶች ሰነድ ገዙ፤ ዋጋ ያቀረበው ግን አንድ ብቻ ነው። ያውም ከገመትነው ሦስት እጥፍ። ጨረታው ተሰረዘ። ግንቦት ላይ በድጋሚ ወጣ። በዚህኛው ዙር ተጫራቾቹ "ስንት ቶን ነው? ምን ምን ኬሚካል ነው?" ብለው በደብዳቤ ጠየቁ። መልስ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ማንም አልመዘነውማ! ሰኔ 30 ደረሰ። በጀቱ ተመለሰ።

ያን ክረምት ርብና ጉማራ ወንዞች ከአፋቸው አልፈው ፎገራን አጥለቀለቁ። የስንቱ ቤት ፈረሰ፤ የስንቱ ከብት አለቀ። ውሃው የኛን መጋዘን የታችኛውን በር አልፎ ገባ። መሬት ላይ የተደረደሩት ጆንያዎች በውሃ ራሱ። ከዚያ ሜዳ የሚወርድ ውሃ የት እንደሚገባ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጣና ነው። ዓሣ አስጋሪው መረቡን የሚጥልበት፣ እኛም አምባዛና ቆሮሶ የምንበላበት ጣና።

ጎርፉ ሲጎድል ፋይሉን አወጣሁና ቀኑን በደብተሬ ቆጠርኩ። ጨረታው አየር ላይ የቆየበትን ቀን፣ ግምገማው የፈጀውን ቀን፣ ሕጉ ያስገደደውን ቀን ሁሉ ለየሁ። ሁሉም ተደምሮ ከሲሶው አይበልጥም ነበር። የቀረው ምንድን ነው? ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ ያደረበት ቀን ነው። የኮሚቴ አባል መስክ ወጥቶ ስብሰባው የተራዘመበት ነው። አንዱ ቢሮ "ለአስተያየት" ብሎ ወደ ሌላው ልኮ፣ ሌላውም "አይመለከተንም" ብሎ የመለሰበት ነው። እነዚህም ቢሆኑ ዋናዎቹ አልነበሩም። ሥራው የዘገየው ጨረታው ከመውጣቱ በፊት መሠራት የነበረበት ነገር ስላልተሠራ ነው። ለዚያች ልጅ የመለስኩላት ይህን ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መዝኑ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" የሚለው የእናቶቻችን አነጋገር ለዚህ ሥራ የተባለ ይመስለኛል። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች፣ ተገቢው ማስክና ጓንት፣ አንድ ሳምንት። በርሜሉን መቁጠር፣ የሚፈሰውንና የማይፈሰውን መለየት፣ ስሙ የማይታወቀውን ናሙና ወስዶ ማስመርመር፣ ፎቶ ማንሳት። ይህ ትንሽ ወጪ ነው። ለብቻው በትንሽ ግዥ ሊሠራ ይችላል። ያለሱ የሚወጣ ጨረታ ግን ተጫራቹን ጨለማ ውስጥ ያስገባዋል። ጨለማ ውስጥ ያለ ነጋዴ ደግሞ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ፍርሃቱን ዋጋው ላይ ይጨምራል። እኛ ያየነው ሦስት እጥፍ ዋጋ ስግብግብነት መስሎን ነበር። አሁን ሳስበው ያ ሰው ትክክል ነበር።

ምንም ያህል ብትመዝኑ ደግሞ እርግጠኛ የማትሆኑበት ነገር ይኖራል። መርዝ መሬት ውስጥ ምን ያህል እንደሰረገ ሳይቆፈር አይታወቅም። ታዲያ "ጥቅል ዋጋ አቅርቡ" አትበሉ። በነጠላ ዋጋ አጫርቱ። አንድ በርሜል ለማሸግ ስንት፣ አንድ ቶን ለመጫን ስንት፣ አንድ ሜትር ኩብ የተበከለ አፈር ለማውጣት ስንት ብላችሁ ጠይቁ። ብዛቱ ሲለወጥ በዋጋው መባዛት ብቻ ነው። አለበለዚያ ሥራው መሐል ላይ ይቆምና "ተጨማሪ ሥራ ይፈቀድልኝ፣ አይፈቀድም" ክርክር ውስጥ ክረምቱ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። እኛ አንድ ጨረታ ነው ያወጣነው፤ ማሸጉንም፣ መጫኑንም፣ ማቃጠሉንም፣ ሁሉንም በአንድ። ይህ ትልቅ ስህተት ነበር። ማሸግና ማጥፋት ሁለት የተለያየ ፍጥነት ያላቸው ሥራዎች ናቸው።

የሚፈሰውን በርሜል ጤነኛ በርሜል ውስጥ መክተት፣ ጆንያውን ከመሬት ማንሳት፣ ጣሪያውን መድፈን፣ አጥር ማጠር፣ የዘበኛውን ቤተሰብ ማራቅ የሳምንታት ሥራ ነው። ማጥፋቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ ዲዲቲ ያለ ክሎሪን ያለበት መርዝ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚነድ ልዩ ምድጃ ነው የሚቃጠለው። በ1990ዎቹ ከአገራችን የተሰበሰበ ከ1,000 ቶን በላይ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ፊንላንድ ድረስ ተጉዞ ነው የተቃጠለው። አደገኛ ቆሻሻ ድንበር ሲያቋርጥ ደግሞ የባዝል ስምምነት አለ። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ላኪው አገር አስቀድሞ በጽሑፍ ያሳውቃል። ተቀባዩ አገር ካልፈቀደ ዕቃው አይነሳም። መርከቡ የሚያልፍበት አገር ብቻውን መልስ ለመስጠት 60 ቀን አለው። በዚያ ላይ ፈቃዱ የሚሰጠው ከሚያስወግደው ድርጅት ጋር ውል መኖሩ ሲረጋገጥ ነው። ልብ በሉ! ውሉ ካልተፈረመ ፈቃዱ አይገኝም። የሚፈሰው በርሜል ይህን ሁሉ እንዲጠብቅ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ ፎገራ ላይ አይቼዋለሁ።

አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በራሳቸው መከራ ነው። ናያጋራ ፎልስ ከተማ ውስጥ ላቭ ካናል በሚባል ሰፈር ሰው የኬሚካል መቅበሪያ አጠገብ ቤት ሠርቶ ሲኖር መርዙ ምድር ቤቱ ድረስ ወጣ። በ1980 እ.ኤ.አ. ሱፐርፈንድ የሚባለውን ሕግ አወጡ። ይህ ሕግ ፈጣኑን እርምጃና ረጅሙን ጽዳት ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። ለፈጣኑ የሚሆኑ ተቋራጮች አስቀድመው ተወዳድረው፣ የሠራተኛው የሰዓት ዋጋና የማሽኑ ኪራይ ተቆርጦ፣ ውል ተፈርሞ ይቀመጣል። አደጋ ሲደርስ ጨረታ አይወጣም፤ የሥራ ትዕዛዝ ብቻ ይሰጣል። ይህ አካሄድ ገንዘብ ሊያባክንም ይችላል፤ ተቋራጩ በሰዓት የሚከፈለው ስለሆነ ሰዓቱ እንዲረዝም ይፈልጋል። ስለዚህ ቦታው ላይ የመንግሥት አስተባባሪ ቆሞ የሠራተኛውን፣ የመኪናውን፣ የዕቃውን ዝርዝር በየዕለቱ ይከታተላል። ፍጥነቱ ገንዘብ እንዳያባክን የሚጠብቀው የዚያ ሰው ዓይን ነው።

እኛም አገር ይህን የሚመስል መንገድ አለ። የማዕቀፍ ስምምነት ይባላል። የፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ውስጥ ነበር። ያ አዋጅ በ1333/2016 ተተክቷል፤ ክልሉም የራሱ ሕግ አለው፤ አዲሶቹን አንብቡ። ማዕቀፉን ለጽሕፈት መሣሪያና ለጎማ እንጠቀምበታለን። ለመያዣ በርሜል፣ ለሸራ፣ ለክሬን፣ ለሠለጠነ ሠራተኛስ ለምን አንጠቀምበትም? ጥቅምት ላይ፣ ማንም ሳይቸኩል፣ በግልጽ ጨረታ ዋጋ አስቆርጣችሁ አስቀምጡ።

"አስቸኳይ ነው" ብላችሁ ያለ ጨረታ ቀጥታ ግዥ እንፈጽም የምትሉ ትኖራላችሁ። ሕጉ እውነተኛ አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም ይፈቅዳል። ግን አሥር ዓመት የተቀመጠ በርሜል ሰኔ ላይ ድንገት አስቸኳይ ሊሆን አይችልም። ኦዲተሩ ቢጠይቃችሁ እውነት አለው። ማሸጉንና ማጥፋቱን ለዩ ስላችሁም አንድን ሥራ ቆራርሳችሁ ከግልጽ ጨረታ አምልጡ ማለቴ አይደለም። ያ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ተገቢ ነው። የሥራው ባሕርይ ሲለያይ ምክንያቱን በዓመታዊ የግዥ ዕቅዳችሁ ላይ ገና ከመነሻው ጻፉት።

ስለ ፍርሃትም ልንገራችሁ፤ ይህ ነገር ያሳስበኛል። ወጣት ባለሙያ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚማረው ነገር አለመፈረም ነው። "ፈጥነህ ከሠራህ ስንት በላህ ይሉሃል" ይሉታል ነባሮቹ። እኔንም ብለውኛል። ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር ወደ ኮሚቴ መምራት ይለምድበታል። ልጆቼ፣ ከዚህ የሚያድናችሁ አንድ ልማድ አለ። የወሰናችሁትን ነገር ምክንያቱን በዚያው ቀን በአጭሩ ጻፉና ፋይሉ ውስጥ አስገቡ። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን አየሁ፣ ምን አማራጭ ነበረኝ፣ ለምን ይህን መረጥኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲት ሲመጣ የጠየቁኝን ሁሉ የመለሱልኝ እነዚያ ገጾች ናቸው። ቃለ ጉባኤ ዘግይቶ የሚጻፍ ከሆነ ግን እውነት እንኳ ቢሆን ውሸት ይመስላል።

ክፍያንም አትርሱ። ሁላችንም ጨረታው እንዲፈጥን እንጮኻለን። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን የሰውየው ክፍያ ስድስት ወር ሲቆይ ማንም አይጮኽም። በቀጣዩ ጨረታ ያ ሰው አይመጣም። ለጓደኞቹም ይነግራቸዋል። አንድ ተጫራች ብቻ የሚቀርበው ለምን እንደሆነ ግራ ሲገባችሁ፣ መጀመሪያ ሂሳብ ክፍል ሄዳችሁ ጠይቁ።

የቀን መቁጠሪያውን ግድግዳ ላይ ስቀሉት። በጀቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ መሬቱ የሚደርቀው ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። ሰነዱ ክረምቱን ከተዘጋጀ ኅዳር ላይ ውል ይፈረማል፤ ሙሉ በጋ ይኖራችኋል። ጥያቄው ጥር ላይ ከተጻፈ ግን ተቋራጩ ቦታውን የሚረከበው ሰማዩ ሲጠቁር ነው። የኛ መሥሪያ ቤት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነበር።

መጋዘኑ በመጨረሻ ጸዳ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ መዘንን፣ ቆጠርን፣ በነጠላ ዋጋ አጫረትን። በርሜሎቹ ታሽገው ሲጫኑ ዘበኛው መኪናውን እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ሸኘው። እኔም እንባዬ መጣ። ደስታ ብቻ አልነበረም። ውሉ የሚለው "በርሜልና ጆንያ" ነበር። ስለ አፈሩ አንድም መስመር አልጻፍንም። ተቋራጩ ወለሉን ጠርጎ ሄደ፤ ውሉ የሚያዘውን ፈጽሟል። ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር ግን እስከ ዛሬ የመረመረው የለም።

የመጋዘኑን ንድፍ በዚያን ጊዜ በእጄ ሥዬዋለሁ። የፈሰሱት በርሜሎች የቆሙበትን፣ ውሃው የገባበትንና የወጣበትን በር በቀይ እስክሪብቶ አመልክቻለሁ። ዛሬም ከደብተሩ ጋር መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ለዚያች ልጅ ኮፒውን ሰጥቻታለሁ። ሐምሌ ሳይገባ የናሙና ምርመራውን በግዥ ዕቅዷ ልታስገባ ነው። ከእናንተም መካከል በዚያ አካባቢ የምትሠሩ ካላችሁ ወደ ቤቴ ጎራ በሉ፤ ኦርጅናሉን እሰጣችኋለሁ።

አክባሪያችሁ፣
ከአባይ ማዶ