አስር እጥፍ የዘገየው ኦርጋን፦ ስትሪም ልትመርጥ ለተቸገረች እህቴ

ሰላም እህቴ። ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ኮምቦልቻ ላይ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ ስትሪም፣ ማለትም ጠልቀሽ የምትማሪውን ዘርፍ፣ መምረጫሽ ደርሷል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ደሴ ፒያሳ፣ አጎትሽ ጥገና ቤት ትውያለሽ። አስተማሪሽ «ፓወር (የኤሌክትሪክ ኃይል ዘርፍ) ግቢ፣ ሥራ ያለው እዚያ ነው» ይልሻል። አጎትሽ ደግሞ «ዲግሪው ምን ያደርግልሻል፣ እዚሁ ከኔ ጋር ሥሪ» ይሉሻል። አንቺ የምትወጂው ግን ኦርጋን ከፍተሽ ማየት ነው፤ በተለይ የድምፁን መነሳትና መውረድ የሚቆጣጠረውን ሰርኪዩት። ጥያቄሽ አጭር ነው፦ «ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?»

ይሆናል። ግን አንቺ ባሰብሽው በር ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ስለዚያ አሮጌ ኦርጋን እናውራ፣ በሁለት መስመር ብቻ ጠቅሰሽው አልፈሻልና። ቁልፉ ሲነካ ድምፁ አርፍዶ ይገባል፤ ጣት ሲነሳ ደግሞ አልወጣ ብሎ ይጎተታል። ሲያዩት ሁለት የተለያየ ብልሽት ይመስላል። አንቺ ሁለቱንም የሚያመጣው አንድ ዕቃ ነው ብለሽ ጠረጠርሽ፣ ቦርዱን ገልብጠሽ ፈለግሽ፣ 10 ማይክሮፋራድ መሆን በነበረባት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ቦታ ካንቺ በፊት የነካው ሰው የ100 በይዶ አገኘሽ። ቀየርሻት፣ ኦርጋኑ ዳነ። እህቴ፣ ይሄን ያደረገ ሰው «ምንም ልምድ የለኝም» ብሎ አይጽፍም።

ጉዳዩ ለማይገባቸው ላስረዳ። ክራርና ማሲንቆ አንድ ዓይነት ኖታ ቢጫወቱ ጆሮ ወዲያው ይለያቸዋል። አንዱ ምክንያት የድምፁ ጉልበት የሚሄድበት መንገድ ነው። የክራር ጅማት ሲመታ ድምፁ ባንዴ ይወጣል፣ ከዚያ እየከሰመ ይጠፋል። ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስከተሳበ ድረስ ይዘልቃል፣ አነሳሱንም ቀስ ማድረግ ይቻላል። ኦርጋን ላይ ይሄን መንገድ የምትወስኚው በአራት ነገር ነው፦ ድምፁ ለመነሳት የሚፈጅበት ጊዜ፣ ከጫፍ ወርዶ እስኪረጋ ያለው ጊዜ፣ ጣት እስኪነሳ የሚቆይበት ከፍታ፣ ከዚያም ለመጥፋት የሚወስደው ጊዜ። ኤዲኤስአር የሚሉት ይሄንን ነው።

በድሮዎቹ አናሎግ መሣሪያዎች ይሄ ሁሉ የሚሠራው አንዲት ካፓሲተር በረዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት በሚገታ ዕቃ) በኩል ስትሞላና ስትጎድል ነው። 10 ማይክሮፋራድ በ100 ኪሎ ኦም ስታባዢው 1 ሰከንድ ይመጣል፤ በዚያች ሰከንድ 63 በመቶ ያህል ትሞላለች። ካፓሲተሯ 100 ስትሆን 1 ሰከንዱ 10 ይሆናል። መሙላቱም መጉደሉም አስር እጥፍ ዘገየ። ያንቺ ኦርጋን በሽታ ይኸው ነበር።

አጀማመሩንም እወደዋለሁ። በ1960ዎቹ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሮበርት ሙግ ሲንተሳይዘሩን፣ ድምፅን በኤሌክትሪክ የሚፈጥረውን የሙዚቃ መሣሪያ፣ ሲሠራ ኸርበርት ዶይች የሚባል የሙዚቃ ደራሲ ድምፁ ዝም ብሎ በርቶ እንዳይጠፋ፣ አነሳስና አወራረድ እንዲኖረው ጠየቀው። ሙግ ያመጣው መፍትሔ የበር ደወል መጫኛ ነው! መጫኛዋን ከካፓሲተር ጋር አገናኘና ቮልቴጁ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ እንዲለቀቅ አደረገ። በኋላ ነው እያንዳንዱ ቁልፍ ራሱ እንዲያስነሳው ያደረገው። የደወል መጫኛ ደሴ ውስጥ ስንት ሱቅ እንዳለ አስቢው።

አሁን ወደ እንጀራው። ጥገና ቤት የሚመጡት የዛሬዎቹ ኪቦርዶች ላይ ያቺን ካፓሲተር ፈልገሽ አታገኚያትም። ኤዲኤስአሩን የሚያሰላው ቺፕ ነው፣ በቁጥር። የሚበላሸው ሌላ ነው፦ ሶኬቱ ይላላል፣ አዳፕተሩ ይቃጠላል፣ ከቁልፉ ሥር ያለው ጎማ ይቆሽሻል። እዚያ ጎማ ላይ ሁለት ኮንታክት አለ፤ ኪቦርዱ የምትመቺበትን ኃይል የሚያውቀው በሁለቱ መነካት መካከል ያለውን ጊዜ ለክቶ ነው። አንዱ ከቆሸሸ ኖታው ወይ ዝም ይላል ወይ ይጮኻል። ጠርገሽ ትመልሺዋለሽ። ጥሩ ሥራ ነው፣ ገንዘብም አለው፤ ዕድሜ ልክሽን ግን ጎማ ስትጠርጊ ብትኖሪ ያ የጠረጠረው ጭንቅላትሽ ይራባል። ስለዚህ ትምህርቱን አቁሚ አልልሽም። በፍጹም።

ደግሞ ኮምቦልቻ ምን እንዳለ ዙሪያሽን እዪ። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አለ፣ ቢራ ፋብሪካ አለ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። እንደዚህ ያሉ ፋብሪካዎች ውስጥ ሞተር የሚያንቀሳቅሰው ቪኤፍዲ የሚባል፣ ፍጥነቱን የሚቆጣጠር ዕቃ ነው፤ ድራይቭም ይሉታል። ስትከፍቺው መጀመሪያ ከሚጠይቅሽ ነገሮች መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ሞተሩ ከቆመበት ሙሉ ፍጥነት ላይ በስንት ሰከንድ ይድረስ? ሲቆምስ በስንት ሰከንድ? አላወቅሻቸውም? የኦርጋንሽ መነሻና መጥፊያ ናቸው እኮ። ሞተሩ ባንዴ ቢነሳ ክር ይበጠሳል፣ መስመር ላይ ያለ ጠርሙስ ይወድቃል። በየሳምንቱ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስለምትወጪና ስለምትወርጂ ሹፌሩ ባንዴ ፍሬን ሲይዝ ሰው ምን እንደሚሆን ለአንቺ አልነግርሽም።

ስለዚህ ምርጫው በእጅሽ ካለ ኮንትሮል፣ የቁጥጥር ዘርፉ፣ ግቢ ነው የምልሽ። ፓወር መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ አስተማሪሽም ክፉ አላሰበም። ግን አንቺ የገባሽ ነገር «ይሄ ነገር በጊዜ ውስጥ እንዴት ይነሳል፣ እንዴት ይወርዳል» የሚለው ነው፤ ኮንትሮል ደግሞ አብዛኛው እሱ ነው።

ከአሁን ጀምሮ እስከ ኢንተርንሺፕ ድረስ አንድ ነገር ሥሪ። የደወል መጫኛ፣ ካፓሲተር፣ ፖቴንሺዮሜትር (በእጅ የሚዞር ረዚስተር)፣ ትራንዚስተርና አንድ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ግዢ። ስትጫኚው መብራቱ ቀስ ብሎ ይድመቅ፣ ስትለቂው ቀስ ብሎ ይደብዝዝ። ከዚያ ያንኑ ነገር በአርዱዪኖ (በኮድ በሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ድገሚው። ሁለቱን ጎን ለጎን በስልክሽ ቅረጪ፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የሙዚቃ መሣሪያ መሥራት የሚለው ሕልምሽም የሚጀምረው ከዚያው ኮድ ነው፤ ያኔ ኤልኢዲውን አውጥተሽ ድምፅ ማስገባት ብቻ ነው የሚቀርሽ። አምባሰልን የሚያውቅ ጆሮ ያላት ልጅ የክራርን አነሳስ በቁጥር ብትጽፈው እንዴት ደስ ባለኝ።

ኢንተርንሺፕ ስትጠይቂ «የትም መድቡኝ» አትበዪ። «ሜንቴናንስ ክፍል፣ ድራይቭና ፒኤልሲ (ማሽን የሚያዝ የፋብሪካ ኮምፒውተር) ያለበት ቦታ» በዪ። ደብዳቤው ላይ የኦርጋኑን ታሪክ አስገቢ፤ ምን እንደታየ፣ ምን እንደጠረጠርሽ፣ በምን እንዳረጋገጥሽ፣ ምን እንደሆነ። አራት ዓረፍተ ነገር። ለቃለ መጠይቅ ካዘጋጀኋቸው ልጆች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት «እስቲ ራስሽ ያገኘሽውን ብልሽት ንገሪን» ሲባሉ ነው። አንቺ መልሱ አለሽ።

አጎትሽን አትጣያቸው። ቅዳሜን ይዘሽላቸው ቆዪ፣ የምትከፍቺውን እያንዳንዱን ዕቃ በደብተር መዝግቢ። «ትምህርቴን ስጨርስ ሱቁ ሌላ ሱቅ ይሆናል» በያቸው፣ ከልብሽ ከሆነ። ደብዳቤውን ከማስገባትሽ በፊት ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የኦርጋኑን ቦርድ ፎቶም ጨምሪበት።