ሴንሰሩ በርቷል፣ ማሽኑ ግን አያውቅም

በፋብሪካ ጥገና ላይ ያላችሁ ወዳጆች ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ፣ ዱቄት ፋብሪካ ነው የምሠራው። ለ15 ኪሎዋት ሞተር የ15 ኪሎዋት ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠር ዕቃ) ገዛን። ጠዋት ደህና ይሠራል። ቀን ላይ «ሙቀት በዛ» ብሎ ይቆማል። ሻጩ ዕቃው ጤነኛ ነው ይላል።

መልስ፦ ሻጩ ልክ ሊሆን ይችላል። እኔ የምጠረጥረው ከፍታውን ነው። አብዛኛው ኢንቨርተር ሙሉ አቅሙን የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀቱን በደንብ አይወስድለትም። ብዙ አምራቾች በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። አዲስ አበባን 2,300 ሜትር ብንላት 13 በመቶው ሄደ ማለት ነው። 30 አምፔር የተጻፈበት ዕቃ 26 ገደማ ብቻ ይሰጣል። የ15 ኪሎዋት ሞተር ሰሌዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 29 አምፔር አካባቢ ይላል። ስለዚህ ስትገዛ ኪሎዋቱን ሳይሆን አምፔሩን እይ። ለእናንተ ባለ 18.5 ኪሎዋቱ ኢንቨርተር ይሻል ነበር።

ግን ለመቀየር አትቸኩል። መጀመሪያ ማራገቢያውንና የፓነሉን ፊልተር እይ፤ ዱቄት ባለበት ቤት ቶሎ ይደፈናል። ከመክፈትህ በፊት ኃይሉን አጥፋና መመሪያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቅ። መብራት ጠፍቶም ካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ውስጥ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ ይቆያል። አደራ፣ ይህቺን እንዳትዘልላት።

ጥያቄ፦ የውኃ ታንከራችን ቁመቱ 10 ሜትር ነው። ስክሪኑ በድንገት −2.5 ሜትር ማሳየት ጀመረ። ሴንሰሩን ልቀይረው?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ ቁጥሩ ራሱ እየነገረሽ ነው። ሴንሰሩ የውኃውን ከፍታ የሚልከው በ4-20 ሚሊአምፔር ኩረንት ከሆነ፣ 4 ማለት ባዶ፣ 12 ማለት 5 ሜትር፣ 20 ማለት ሙሉ ነው። በዚሁ ስሌት ዜሮ ሚሊአምፔር ስታስገቢ የሚወጣው −2.5 ነው። ማለትም ምንም ኩረንት እየመጣ አይደለም። ታንከሩ ባዶ ቢሆን እንኳ 4 ይመጣ ነበር፤ ከ4 የሚጀመረውም ባዶውንና የተበጠሰውን ለመለየት ነው።

ሴንሰሩ ባለ ሁለት ሽቦ (ኃይሉም መረጃውም በዚያው ሽቦ የሚሄድ) ከሆነ መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርገሽ ሴንሰሩ ጫፍ ላይ ለኪ። 24 ቮልት ካለና ኩረንት ከሌለ ሴንሰሩ ሞቷል። ዜሮ ከሆነ ፊውዙን፣ ሽቦውንና ፓወር ሰፕላዩን ፈትሺ። በማይነስ ከመጣ ሽቦው ተገልብጧል። እኔ በበኩሌ ሳልለካ ዕቃ አላስገዛም።

ጥያቄ፦ አዲስ የገጠምኩት ሴንሰር መብራቱ ይበራል፣ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዝዘው ኮምፒውተር) ግን አያየውም።

መልስ፦ ሴንሰሮች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ያንተ ፒኤንፒ ነው ኤንፒኤን? ፒኤንፒ 24 ቮልት ይሰጣል፤ ኤንፒኤን ወደ ዜሮ ይስባል። የፒኤልሲህ መቀበያ ካርድ አንዱን ከጠበቀ ሌላውን አያነብም። እንደ ሲመንስ ኤስ7-1200 ያሉት ፒኤልሲዎች የመቀበያዎቹን የጋራ መስመር ቀይረህ ሁለቱንም ያነባሉ። ግን በዚያ መስመር ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁኑ። ካልሆነ ትንሽ ባለ 24 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ትገላግልሃለች።

ጥያቄ፦ በሞድባስ (መሣሪያዎች በገመድ መረጃ የሚለዋወጡበት ዘዴ) ያገናኘናቸው ኢንቨርተሮች አንዳንዴ ከመስመር ይጠፋሉ።

መልስ፦ 120 ኦሙ ሬዚስተር በመረጃ ገመዱ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ይሁን። ገመዱን ከሞተር ገመድ አርቀው፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ይሂድ፣ ቅርንጫፍ አይብዛበት።

ጥያቄ፦ የማሽናችን ፒኤልሲ የሲመንስ ኤስ7-300 ነው። ተቋርጧል ይባላል። እንጣለው?

መልስ፦ አትጣሉት። ሲመንስ ከጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከገበያ እያወጣው ነው፤ መለዋወጫ ግን ለ10 ዓመት ይቀጥላል ብሏል። አዲስ መስመር ስትተክሉ ወደ ኤስ7-1500 እለፉ። ለአሁኑ ዛሬውኑ ፕሮግራሙን ቅዱና ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ሚሞሪ ካርዱን ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፎርማት እንዳታደርጉት፤ ከዚያ በኋላ ፒኤልሲው አይቀበለውም።