ኢንተርቪው ላይ የጣለሽ ጥያቄ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቀሽ ለወራት ሥራ ከፈለግሽ በኋላ ለኔትወርክ ሥራ ኢንተርቪው ተጠራሽ። «ሠራተኛው የሚከፍተው ድረ ገጽ ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ፣ ለፕሮክሲው የሚሰጠው ፓስዎርድም አብሮ ይመሰጠራል?» አሉሽ። (ፕሮክሲ በሠራተኛው ኮምፒውተርና በኢንተርኔቱ መካከል ሆኖ ጥያቄውን የሚያስተላልፍ ሰርቨር ነው፤ ኤችቲቲፒኤስ ደግሞ ከድረ ገጹ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመሰጥር ነው።) «አዎ» አልሽ፤ ወደቅሽ። አሁን «ሙያ ልቀይር ወይ?» ትይኛለሽ።

አትቀይሪ። የጎደለሽ በአንድ ቅዳሜና እሁድ የሚሞላ ነገር ነው።

ብራውዘሩ መጀመሪያ የሚያገኘው ፕሮክሲውን ነው። ኮኔክት በሚባለው ጥያቄ «ከዚህ ድረ ገጽ ጋር አገናኘኝ» ይለዋል። ፕሮክሲው ደግሞ «ማን ነህ?» ለማለት 407 የሚባል የምላሽ ቁጥር ይመልሳል። (401 የድረ ገጹ ነው፣ 407 የፕሮክሲው። እንዳታምታቺው።) ብራውዘሩ ስምና ፓስዎርድ ጨምሮ ጥያቄውን ይደግማል። ከድረ ገጹ ጋር ያለው ምስጠራ የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው! ቤዚክ በሚባለው ዘዴ ፓስዎርዱ በቤዝ64 (ያለ ቁልፍ ማንም መልሶ በሚያነበው አጻጻፍ) ተጽፎ ስለሚሄድ የተመሰጠረ ይመስላል እንጂ መስመሩን የሚያዳምጥ ሰው ወዲያው ይፈታዋል።

ይህን በዓይንሽ እዪው። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስና ስኩዊድ የሚባለውን የፕሮክሲ ፕሮግራም ጫኚ። ስኩዊድ በተለምዶ በ3128 ፖርት ነው የሚሠራው። ፓስዎርድ እንዲጠይቅ አድርጊና ዋየርሻርክን (በኔትወርኩ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም) ከፍተሽ በሌላ ኮምፒውተር በፕሮክሲው በኩል ድረ ገጽ ክፈቺ። «ፕሮክሲ ኦቶራይዜሽን» የሚለውን መስመር ስትፈቺው የራስሽ ፓስዎርድ ይወጣል። እኔ መጀመሪያ ሳየው ደንግጫለሁ።

ቀጥሎ ከብራውዘሩ እስከ ፕሮክሲው ያለውን መንገድ ራሱን በቲኤልኤስ (ኤችቲቲፒኤስም በሚጠቀምበት የምስጠራ ዘዴ) ሸፍኚው። ክሮምም ፋየርፎክስም ይቀበሉታል፤ በፓክ ፋይሉ (ብራውዘሩ የትኛውን ፕሮክሲ እንደሚጠቀም በሚነግረው ፋይል) ውስጥ «ፕሮክሲ» በሚለው ቦታ «ኤችቲቲፒኤስ» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ሰርተፊኬቱ (የፕሮክሲውን ማንነት የሚያረጋግጠው ዲጂታል ሰነድ) ላይ ግን ልትቸገሪ ትችያለሽ። ክሮም የፕሮክሲውን ሰርተፊኬት ካላመነው ድረ ገጽ ላይ እንደለመድነው «ቢሆንም ቀጥል» የሚል ምርጫ አይሰጥሽም፤ ግንኙነቱን ዝም ብሎ ይዘጋዋል። ተስፋ አትቁረጪ፣ ሥራ ላይም የሚገጥምሽ ይኸው ነው። ሲሠራልሽ ዋየርሻርክን ደግመሽ እዪ፤ ያ መስመር አይነበብም። ከርቤሮስ የሚባለውን ሌላ የማንነት ማረጋገጫ ዘዴ ለሌላ ጊዜ አቆዪው፤ ለአሁን ፓስዎርዱን ሳይሆን ቲኬት እንደሚልክ ማወቅ ይበቃሻል።

የሁለቱን ሙከራዎች ስክሪንሾት ከሴቲንግ ፋይልሽ ጋር ጊትሀብ (ኮድ የሚያጋሩበት ድረ ገጽ) ላይ አስቀምጪ፤ ፓስዎርዱ የሙከራ መሆኑን አረጋግጪ። ሲቪሽ ላይ ሊንኩን ጨምሪ። ለጠየቁሽም ሰዎች አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው፦ «የዚያን ቀን መልሴ ስህተት ነበር። ሞክሬ ያየሁት ይኸውና።»